ስንት በሬ ነበረው?

አያቴ አባባ ፊደል አልቆጠሩም። መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ያስተማሩኝም ትምህርት ቤት ገብቼ፣ አውቃለሁ ማለት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ፣ በአያቶቼ ቤት ነው። አገሩ ዋልካ ነው፤ የጤፍ አገር። ክረምት ሲገባ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። በመንደራችን ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር። የቤቱ ልጅ ወታደር ነው። አንድ ጊዜ ለፈቃድ ሲመጣ ለአባቱ ይዞላቸው የመጣ ሬዲዮ ነው። ባትሪው ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል። ለዜና ብዙም አይከፈትም፤ ባትሪ ይጨርሳል ይባላል። ለ«ከመጻሕፍት ዓለም» ግን ይከፈታል።

በዚያ ፕሮግራም ነው ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተረከው። ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱ ይሞላል። ሽማግሌዎቹ መደብ ላይ፣ ሴቶቹ በጓዳው በኩል፣ እኛ ልጆች ደጃፉ ላይ። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል። ሰብለ ወንጌልን ሲሆን ደግሞ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሳሉ። ማንም አያስልም ነበር ማለት እችላለሁ።

ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም። ዲማ ጊዮርጊስ የኛ ሰው ለንግሥ በእግሩ የሚሄድበት ደብር ነው። ማንኩሳም የዚያው የጎጃም ናት። ስለዚህ «ልብ ወለድ ነው» ብሎ የሰማው ሰው አልነበረም። ትረካው ሲያልቅ ትውልድ ይቆጠራል። «ይኼ ፊታውራሪ መሸሻ የሚሉት የማን ወገን ነው?» ይባላል። አንዱ አዛውንት እናታቸው ያውቁት እንደነበር በማርያም ምለው ተናግረዋል።

አባባ ስለ ፍቅሩ ምንም አልተናገሩም። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቦጋለ መብራቱ ነው፤ ስለ በዛብህ አባት።

«ስንት በሬ ነበረው?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ሬዲዮ ደግሞ አይጠየቅም።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አንድ መምህር መጽሐፉን አዋሱኝ። ጠርዙ ያለቀ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ። ማታ ማታ ኩራዝ ሥር ለአባባ አነብላቸው ጀመር። አዲስ ሰው ወደ ታሪኩ በገባ ቁጥር ያቋርጡኛል። «ቆይ፣ ይኼስ ስንት በሬ አለው?» እናደድ ነበር። ለእኔ መጽሐፍ ማለት የልብ ጉዳይ ነው። ሰው ሲያፈቅር፣ ሰው ሲከዳ፣ ሰው ሲሞት። በሬ ምን አገባው?

አሁን ሳስበው፣ የሚጠይቁት ይህ ሰው ክፉ ቀን ቢመጣበት ስንት ቀን ይቆማል እያሉ ነው።

በሬ ለሌለው ሰው ይህ አይገባም። ሁለት በሬ ካለህ ጥማድ አለህ፤ ዝናቡ በወረደ ቀን ወጥተህ ታርሳለህ። አንድ ካለህ ግን ግማሽ ገበሬ ነህ። ጎረቤትህም አንድ ካለው ሁለታችሁ ታቀናጃላችሁ። መቀናጆ ይባላል። በመቀናጆ ሰኞና ማክሰኞ የአንተ ከሆነ ረቡዕና ሐሙስ የሱ ነው። መሐል ላይ በዓል ይገባል። ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ በዚያ ቀን አይታረስም። ዝናቡ ደግሞ ተራ አያውቅም። በሰው ቀን ይዘንብና በአንተ ቀን ይጠፋል። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ ካልለሰለሰለት አያበቅልህም። እንግዲህ ጎረቤትህ ማሳ ላይ ቆመህ፣ የሱን በሬ ከአንተ በሬ ጋር እየነዳህ፣ የራስህ መሬት እርጥበቱ ሲያልፍበት ታያለህ።

አባባ ሦስት ዓመት እንዲህ አርሰዋል። ዳለቻው በሬያቸው ገደል ገብቶባቸው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ይህን የነገሩኝ ግን እንደ ችግር ታሪክ አልነበረም። የነገሩኝ ስለ ጎረቤታቸው ነው። በሁለተኛው ዓመት ሰውዬው የራሱን ቀን ትቶላቸዋል። «ያንተ ማሳ ቁልቁለት ነው፤ ውሃው አይቆይልህም፤ ቅደም» ብሏቸዋል። ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝግ ይላል። ለብዙ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አባባ ከጎረቤታቸው ጋር ሲጣሉ አላየሁም። ያላየሁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የከተማ ሰው ሆኜ ስለ ጽናት የሚያወሩ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር የሚዘረጉት፣ አዟሪዎች እስከ ትከሻቸው ደርድረው ካፌ ለካፌ የሚያዞሯቸው። አብዛኞቹ ትርጉም ናቸው። ጠንክር፣ አስተሳሰብህን ቀይር፣ ራስህን አሸንፍ ይላሉ። አልንቃቸውም። ሥራ ያጣሁ ጊዜ አንዱ መጽሐፍ ከአልጋ አስነስቶኛል፤ ውለታውን አልክድም። ግን ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለኛል። ውስጣቸው ያለው ሰው ብቻውን ነው። ጎረቤት የለውም። መሬት የለውም። ግብር የሚሰበስብበት የለም። በሬ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ቢወድቅ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይሆናል፤ ቢነሳም ምስጋናው የራሱ ብቻ። እኔ ያደግኩበት አገር ሰው እንደዚያ ወድቆም ተነሥቶም አያውቅም።

በኛ ቋንቋ «ቻይ ነው» ትልቅ ምስጋና ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ ይባላል። «ምን ያላየው አለ፤ ቻይ ነበር።» እኔም ቃሉን እወደው ነበር። ያጠራጠረኝ አባባ ነው፤ ያውም በጉዱ ካሣ በኩል።

መጽሐፉን ያነበበ ያስታውሳል። ጉዱ ካሣ፣ አዋቂ ሆኖ ሳለ እውነት ስለሚናገር እብድ የተባለው ሰው፣ የዘመኑን ኑሮ ከድንጋይ ካብ ጋር ያመሳስለዋል። የላይኛው ድንጋይ በታችኛው ላይ ተጭኖ፣ ታችኛው ሁሉንም ተሸክሞ። ይህን ሳነብ አባባ እጃቸውን አነሡ። አቆምኩ። አባባ ካብ ይክባሉ። የእርሻቸው ድንበር፣ የበጎቹ በረት፣ ሁሉም የእጃቸው ሥራ ነው።

«ልጄ፣ ከሥር የምታደርገው የትኛውን ድንጋይ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አባባ።»

«ትልቁን ነው። ይችላል ብለህ። መቻሉ ነው ያስጫነበት።»

ከዚያ «አንብብ» አሉኝ። እኔ ግን መስመሩ ጠፍቶብኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ «ቻይ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር «ማን ጫነበት?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣብኛል። የገጠርን ኑሮ በእውነት የጻፉ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ አያልፉም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጠይቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው የሞቱ ሰው ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ነው የታተመው። አንዱ እያመረተ ሌላው በጉልበት የሚወስድበት አገር ሀብት ሊያጠራቅም እንደማይችል ያስረዳሉ። ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አልደኸየም። ያመረተው እንደማይቀርለት ስለሚያውቅ ነው። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሳነበው ግን ትናንት የተጻፈ ይመስለኛል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ጠይቀዋል። ከ1950 እስከ 1969 በአገራችን ገጠር የደረሰውን ረሃብ አጥንተው በእንግሊዝኛ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈዋል። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም ይላሉ። ድርቅ የሰማይ ነው። ረሃብ ግን ገበሬው ከእጁ ወደ አፉ እንዲኖር ያደረገው ሥርዓት ውጤት ነው። ጎተራው በደህናው ዓመት ካልሞላ በክፉው ዓመት ምን ይዞ ይቆማል? ያንን መጽሐፍ በተማሪነቴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳነብ ሠንጠረዡና ካርታው መሐል የአባባ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ስንት በሬ ነበረው?» ሁለቱ ሰዎች ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።

ጥያቄው ከአባባም የቆየ ነው። ከ1880 እስከ 1884 የነበረውን ዘመን የኛ ሰው ዛሬም «ክፉ ቀን» ይለዋል። መነሻው በሬ ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ላዩ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና አይጥ መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለሰው አርአያ ለመሆን እንደሞከሩ ተጽፏል። ንጉሥ ዶማ ሲይዝ አስቡት። የአባባ አያት የዚያን ዘመን ልጅ ነበሩ። ከሰባት ወንድምና እህት እሳቸው ብቻ ተረፉ ይባላል። እንዴት እንደተረፉ አይነገርም። በቤታችን ፍርፋሪ መሬት ላይ መጣል ነውር ብቻ አልነበረም፤ ኀጢአት ነበር። ልጅ ሆኜ ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። አባባ ደጋግሜ እንዳነብላቸው የጠየቁኝ አንድ ቦታ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ክፈሉ ይላሉ። ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ። ነገሩ ይካረርና ፊታውራሪ ይዘምቱባቸዋል። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ግን ፊታውራሪውን ይማርኳቸዋል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩላቸው አላውቅም። በቃል ይዘውት ነበር። ቃል ስዘል ያርሙኛል።

እኔ ቦታውን የሚወዱት ስለሚያስቅ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ጌታ በገበሬ ሲማረክ ያስቃል። አንድ ቀን ግን አባባ ሳይስቁ ዝም ብለው ቆዩና «እኛም እምቢ ብለን እናውቃለን» አሉ።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ አልከፍልም አለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ። ብዙ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ጦር መጣ። አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ አለ፤ አገረ ገዥው ተነሡ፣ የቆየ ውዝፍም ተማረ። አባባ ያኔ የልጆች አባት ናቸው። ስለ ጦርነቱ ብዙ አላወሩኝም። አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ።

«ሰው ግብሩ ከበደው ይላል። ግብሩ አልነበረም። ገመዱ ነው።»

ገመዱ የመሬት መለኪያው ነው፤ ቃላድ። መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ ነበር። የጎጃም ገበሬ ያኔ ርስተኛ ነበር። መሬቱን የያዘው በአባቱ፣ በእናቱ፣ በአያቱ ቆጥሮ ነው። ገመድ የገባበት ሌላው አገር ገበሬው ምን እንደሆነ ሰምቷል፤ ጭሰኛ ሆኗል። ስለዚህ ሰውዬው ብር ሲጠየቅ የሚያየው ገመድ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሐዲስ ዓለማየሁ ትልቅነት የሚታየኝ። ሰው ስለ መጽሐፉ ሲያወራ በዛብህና ሰብለ ይላል፣ ፍቅር ይላል፣ እንባ ይላል። እውነት ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ያንን ፍቅር የገደለው እዚያ ፊታውራሪውን በገበሬዎቹ ላይ ያዘመተው ያው እብሪት ነው። አባትየው ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች። በዛብህ ደግሞ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ስለው የሰጡት ልጅ ነው፤ ማግባት አይችልም። የታችኛው ድንጋይ ላይ የተጫነው ሁሉ እነዚህ ሁለት ልጆች ላይም ተጭኗል። ፍቅሩንና ግብሩን ለይቶ ያነበበ ሰው ግማሹን መጽሐፍ ነው ያነበበው ብዬ አምናለሁ።

እምዬስ? አያቴ ማለቴ ነው። እሳቸው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ሆነው ነው የሚሰሙት። እንዝርት በእጃቸው፣ ወይ ሊጥ ሲያቦኩ። የሰሙ አይመስለኝም ነበር። አንድ ምሽት ስለ ውድነሽ በጣሙ አነበብኩ፤ ስለ በዛብህ እናት። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ሴት ናት። በኛ አገር እንዲህ ያለችውን «ገፊ» ይሏታል። ስድብ ነው። የሚያገባት ሰው ሞትን የሚያገባ ይመስላቸዋል። ቦጋለ ግን አገባት።

እምዬ እንዝርቱን አቆሙ። «የመጽሐፉ ጀግና ይኸ ነው» አሉ። «ሌላውን ሁሉ ተዉት።»

አባባ ቀና ብለው አዩዋቸውና ምንም አልተናገሩም። ቆይቶ ከእናቴ እንደሰማሁት እምዬ አባባን ከማግባታቸው በፊት ሁለት ባል ሞቶባቸው ነበር። ዘመድ ሁሉ አባባን «ተው» ብሏቸዋል። ያን ጊዜ አንድ በሬ ብቻ ነው የነበራቸው። እሱም የእምዬ ነው።

በሬዎቹን ስቆጥርላቸው የኖርኩት አባባ የራሳቸውን ኑሮ የጀመሩት በሰው በሬ እንደሆነ ሳውቅ ያንን መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። በሬ የሌለው ሰው በሬ ያላትን የተፈራች ሴት ለማግባት ድፍረት ይበቃዋል ወይ? ፍቅር ይበቃዋል ወይ? ችግርስ የለበትም ወይ? ሦስቱም ያሉበት ይመስለኛል። ሐዲስ ሦስቱንም አውቀዋል። ስለ ገጠር የሚጽፍ ሰው ድህነቱን ብቻ ካየ ሰዎቹን እንደ ለማኝ ይሥላቸዋል፤ ደግነታቸውን ብቻ ካየ እንደ መልአክ። ሁለቱንም ዓይነት መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ሁለቱም አያቶቼን አያውቋቸውም።

አዲስ አበባ ለትምህርት ከገባሁ በኋላ አባባ ዓይናቸው ደከመ። ለእረፍት ስመለስ መጽሐፉን ይዤ እሄዳለሁ፤ አሁን የራሴ ገዝቻለሁ። አንድ ክረምት ላይ ጠየቁኝ። «ይኼን የጻፈው ሰውዬ አርሶ ያውቃል?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። በ1902 በዚያው በጎጃም ተወለዱ አልኳቸው። ጣሊያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ተማርከው ጣሊያን አገር ተወሰዱ፤ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታሰሩ፤ ዓመታት አሳለፉ። ከዚያ ተመልሰው አምባሳደር ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ። መጽሐፉን ሲያወጡ ከሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል።

አባባ በዚህ ሁሉ አልተደነቁም። «አርሶ ያውቃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ስለማረሱ አላነበብኩም አባባ። ልጅ ሳሉ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ፤ እዚያ ነው ቅኔ የተማሩት።»

ዝም አሉ። ዓይናቸው ባያይም ወደ በሩ ዞሩ። የቆሎ ተማሪ ማለት ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ከቤት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ይቆማል። የሚሰጠው ገበሬ ነው። ቁራሽ እንጀራ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም የለም የሚል ቃል። ደጅ የቆመ ልጅ የቤቱን ውስጥ ያያል። ጎተራው ምን ያህል እንደጎደለ፣ ሴትየዋ ለልጆቿ ያስቀረችውን ሰብራ እንደሰጠችው፣ በረቱ ውስጥ ስንት በሬ እንደቆመ ያያል።

«እንግዲያማ የኛን እንጀራ በልቷል» አሉ አባባ።

እምዬ ምድጃው አጠገብ ነበሩ። እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ።

«ወደ ዲማ የሚወስደው መንገድ በእናቴ ደጅ ነው የሚያልፈው» አሉ።